እጄ የሌለበት ፎቶ

«እጇ የሌለበት አንድ ፎቶ እንኳ የለንም እኮ!» ስትል ሰማኋት፤ የወንድሜ ሚስት ናት። ቅዳሜ ጠዋት ነው። እኔ የልጆቹን ካልሲ በሳፋ ይዤ በኮሪደሩ ሳልፍ፣ እነሱ መኝታ ቤታቸው ውስጥ በሩን ገርበብ አድርገው ስልኳን ያገላብጣሉ። ልሰልል ብዬ አይደለም፤ ቤቱ ጠባብ ነው፣ ግድግዳውም ካርቶን በሉት፣ ማን ምን እንዳለ ለመስማት ጆሮ መጣል አያስፈልግም። «ይኸው እየው፣ ትከሻው ላይ። ይኸው ደግሞ እዚህ ወገቧ ላይ። የልደቷ ዕለት እንኳ ያን ሁሉ ደክሜ አልብሻት፣ ይኸው ክንዷን ጨምድዳ ይዛት!» አለች። እጄን አየሁት። የሳሙና አረፋ ያለበት፣ የአውራ ጣቱ ጥፍር በር ቀርጥፎት ለሁለት የተሰነጠቀ፣ ሌላ ምንም ያላጠፋ እጅ ነው። ወንድሜ ምን እንደሚል ቆሜ ጠበቅሁ። «እና የእህቴ እጅ ምን አለው?» ይላል ብዬ ነበር፤ ባይል እንኳ ይስቃል ብዬ ነበር። እሱ ግን ጉሮሮውን ጠረገና «ምን ይደረግ፣ ካልተያዙ አይቆሙ» አለ። ከዚያ በኋላ ስለ ካሜራ ማውራት ጀመሩ። ልጆች ሳይያዙ፣ እየሮጡም ቢሆን ቁልጭ አድርጎ የሚያነሳ ካሜራ አለ ተብሏል። እኔም ካልሲዬን ይዤ ወደ ውሃው ሄድኩ።

እውነቷን ነው፤ እኔም አልክድም። ልጆቹ አይቆሙም። አራት ዓመት የሞላውን ወንዱን «ጥይት» እለዋለሁ፤ ሦስት ሊሞላት ሁለት ወር የቀራትን እህቱን ደግሞ «ፌንጣ»። ስማቸው ሌላ ነው፣ ግብራቸው ግን ይሄ ነው። በስልክ ሊያነሷቸው ሲሞክሩ ጥይት የጭስ ጭራ ሆኖ ይወጣል፤ ፌንጣ ደግሞ አንዳንዴ ጭንቅላቷ፣ አንዳንዴ እግሯ ከፎቶው ውጪ ነው። ስለዚህ «እቴቴ፣ እስቲ ያዢልን!» ይባላል። እቴቴ የሚለኝ ድሮ ወንድሜ ብቻ ነበር፣ ታላቁ ስለሆንኩ፤ አሁን ቤቱ በሙሉ ይለኛል። እኔም ሥራዬን ጥዬ እሄዳለሁ። አያያዙን ጠንቅቄ ተምሬዋለሁ፤ ግድግዳ ተጠግቼ፣ አንገቴን ወደ ኋላ ሰብሬ፣ አንድ ክንዴን ብቻ ዘርግቼ ልጁን ጥርቅም አድርጌ እይዛለሁ። ፊቴ እንዳይገባ የምጠነቀቀው እኔው ራሴ ነኝ። መጀመሪያ አካባቢ አንድ ሁለቴ «እቴቴ፣ ትንሽ ወደዚያ» ተብያለሁ፤ ከዚያ በኋላ መባል አላስፈለገም። ሳሎን ከቴሌቪዥኑ በላይ የተሰቀለው ትልቁ ፎቶ ላይ ጥይት ፀጉሩን ተበጥሮ፣ ሊያለቅስ ጥቂት ቀርቶት ቆሟል፤ ትከሻው ላይ አራት ጣት አለ። ሁለት ዓመት ሙሉ እንግዳ ሲገባ ሲወጣ «ይሄ የማን እጅ ነው?» ብሎ የጠየቀ ሰው አላጋጠመኝም።

ነገሩ ሌላ ጊዜ ቢሆን ስቄ አልፈው ነበር፤ እኔ እንደሆንኩ ቂም አላውቅም፣ ንዴቴም ወተት ሲገነፍል ነው፣ ወዲያው ይወርዳል። ችግሩ ቀኑ ነው። ሰኞ ሁለቱም ልጆች ትምህርት ቤት ይገባሉ፤ ጠዋት ሄደው ማታ ነው የሚመለሱት። እኔ ደግሞ ነገ፣ እሁድ፣ ወደ ታላቅ እህታችን ቤት እሄዳለሁ። የእህታችን ልጅ ወልዳለች። ወንድሜ በስልክ «እዚያ እጅ ያስፈልጋል አሉ» ብሎ ነው የነገረኝ፤ እኔም «እሺ» አልኩ። እሺ ማለት ለምዶብኛል። የምተኛባት የጓዳ ክፍል የልጆቹ ማጥኛ ልትሆን ነው፤ ወንድሜ ቁመቷንና ስፋቷን በሜትር ለክቶ ሄዷል፣ ቀያሽ ስለሆነ መለካት አይሰለቸውም። ይሄ ሁሉ ምንም አይደል። አንድ ነገር ብቻ ነበር የፈለግሁት፤ ከመሄዴ በፊት ከልጆቹ ጋር አንድ ፎቶ፣ ፊቴ የሚታይበት። የሦስት ዓመት ልጅ ምን ታስታውሳለች? እኔን በዚያ ዕድሜዬ አዝላ ያሳደገችኝ ሴት ነበረች አሉ፤ እናቴ ትነግረኝ ነበር፣ እንዴት ትወደኝ እንደነበረ። መልኳን ግን ባገላብጠው ባገላብጠው አላገኘውም። ፌንጣም እኔን እንዲሁ ትረሳኛለች። ሳምንቱን ሙሉ «ዛሬ እጠይቃለሁ፣ ዛሬ እጠይቃለሁ» ስል ከረምኩ። «እኔንም አንሱኝ» ማለት ምን ይከብዳል? ከበደኝ።

ቁርስ ላይ ካሜራው ዛሬውኑ እንደሚገዛ ተነገረኝ። ወንድሜ ለቅየሳ ከከተማ ወጣ ይላል፤ ሚስቱ ፋርማሲስት ናት፣ ቅዳሜ እስከ ቀትር ትሠራለች። የሱቁ ሰውዬ ደግሞ በስልክ «ልጆቹን ይዛችሁ ኑ፣ በእነሱ ላይ እንሞክረው፤ ሳይሞክሩ የገዙት ነው የሚጸጽተው» ብሏታል። «እቴቴ፣ እባክሽ ልጆቹን ይዘሽ ቅደሚኝ፤ እኔ ከሥራ ስወጣ እዚያው አገኛችኋለሁ» አለችኝ፣ ሻይዬ ውስጥ ስኳር እየጨመረች። ሁለት ማንኪያ ተኩል እንደምጠጣ ታውቃለች፤ ግማሿን እንኳ አትረሳም። ክፉ ሴት አይደለችም። ጉንፋን የጣለኝ ጊዜ ሽሮፑን ራሷ በማንኪያ ያጠጣችኝ እሷ ናት። ለዚህ ነው የከፋኝ፤ ክፉ ብትሆን እኮ ተሳድቤ ይወጣልኝ ነበር። ወንድሜን በቆረጣ አየሁት። ዳቦውን ቀና ብሎ ሳያይ በላ። እኔ እንደሰማሁ ያውቅ ይሆን አላውቅም፤ ብቻ ሲወጣ የጫማውን ማሰሪያ ለማሰር ያን ያህል ጊዜ ፈጅቶበት አያውቅም።

አውቶቡስ ውስጥ ጥይት የሰው እግር እየቆጠረ ከፊት እስከ ኋላ ሮጠ፤ ፌንጣ ጭኔ ላይ ቆማ የአንዲት ሴትዮ ባርኔጣ ላይ ያለውን አበባ ልትነቅል ታገለች። ሱቁ የአንድ ረጅም ሕንፃ ምድር ቤት ነው፤ ግማሹን የስልክ ሽፋን የሚሸጡ ተከራይተውታል፣ ግማሹ የካሜራ ነው። አዲስ የካርቶን ሽታ አለ። ሻጩ መነጽር ያደረገ፣ ቀጭን፣ ጨዋ ሰው ነው፤ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ይፈልገዋል። ፌንጣ አንገቴን አንቃ አፍንጫዋን ኮሌታዬ ላይ ስትጠርግ አይቶ «እናታቸው ነዎት?» አለኝ። አይደለሁም ልል አፌን ከፈትኩ። «ምን ላድርግ ብለህ ነው፣ እረፍት የላቸውም!» የሚል ቃል ወጣ። እሱም ሳቀና «እናትነት እንዲህ ነው» አለ። አፈር ልብላ፣ ውሸት ልናገር ብዬ አልነበረም። ግን ዝም አልኩ። ዝምታው ደግሞ ደስ አለኝ፤ ይሄንንም አልደብቅም።

ሁለት ካሜራ አወጣ። አንዷ ትንሽ፣ ብርማ፣ በቦርሳ ኪስ የምትገባ፤ ዋጋዋ የወንድሜ የወር ደመወዝ ግማሽ ያህል። ሌላው ጥቁር፣ ወፈር ያለ፣ አፍንጫው የወጣ፤ ዋጋውን ሲነግረኝ «ከነሱቁ ነው?» አልኩት። ሰውዬው ተሳስቶም ቢሆን በእኔ ላይ ልቡን ጥሏል፤ እንደ ገዢ አስረዳኝ። ሰዎች ሁሉ የሚጠይቁት ስለ ፎቶው ጥራት ነው፣ ለልጅ ግን ዋናው ፍጥነት ነው አለ። ቁልፉን ከተጫኑ በኋላ ካሜራው እስኪያነሳ የሚያባክናት ጊዜ አለች፤ ልጅ የሚያመልጠው በዚያች ውስጥ ነው። ደግሞም ቤት ውስጥ ብርሃን ያንሳል፤ ሌንሱ ብርሃን በደንብ የማያስገባ ከሆነ የሚሮጥ ልጅ ሁሉ ጭስ ነው። «ጭስ!» አልኩ፣ «እሱን እኮ ነው የምለው!» የሕንፃው ኮሪደር ሰፊ ነው፣ ወለሉ የሚያንሸራትት ሸክላ። ልጆቹን እዚያ ለቀቅናቸው። መጀመሪያ በትንሿ ሞከረ። ተጫነ፤ ካሜራዋ አሰበች፤ አሰበችና ጠቅ አለች። ስናየው ባዶ ወለልና በጥግ በኩል አንድ ተረከዝ ነው። ሁለተኛው ላይ ተረከዙም የለ። «ይቺ ለሽማግሌ ናት» አልኩት። «እንዲያውም ለሐውልት» አለና ሁለታችንም ሳቅን። ከሰው ጋር እንዲያ ከሳቅሁ ቆይቻለሁ።

ከዚያ ጥቁሩን አነሳ። «እርስዎ ከዚያ ምሰሶ ጋ ይቁሙና ይጥሯቸው» አለኝ። እኔ እንደለመድኩት ግድግዳ ተጠግቼ አንገቴን ሰበርኩ። «ኧረ ወዲህ ይምጡ! መሃል ላይ! መያዝ አያስፈልግም እኮ፣ ይጥሯቸው ብቻ» አለ። መሃል ቆምኩ። እጄን የት እንደማደርገው ጨነቀኝ። ተንበረከክሁና «ጥይት! ፌንጣ!» ብዬ ጮህኩ፤ ልጆቹም ከኮሪደሩ ጫፍ ተስፈንጥረው መጡ። ካሜራው ሲያነሳ ልብስ ስፌት መኪና ነው የመሰለኝ። በደረቴ ወደቁብኝ፣ ሦስታችንም ወለሉ ላይ ተዘረጋን። ሻጩ ወደ ሱቁ መልሶን ከፎቶዎቹ አንዷን አሳየኝ። ወይ ጉድ! ጥይት ሁለት እግሩ ከመሬት ተነስቷል። ፌንጣ አፏን ከፍታ፣ ፀጉሯ ሁሉ ወደ ኋላ ሄዶ፣ ዓይኗ እኔ ላይ ነው፤ ሽፋሽፍቷ እንኳ ይቆጠራል። እኔም አለሁ። ሻሼ ተንሸራትቶ፣ በጎን በኩል የወለቀችው ጥርሴ ሳትቀር እየታየች እየሳቅሁ ነው። እንዲያ እንደምስቅ አላውቅም ነበር። እጆቼ ማንንም አልያዙም፤ ተዘርግተው ይጠብቃሉ። ብዙ አየሁት። ሻጩም ገብቶት ነው መሰለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ይቺን አትሜ እሰጥዎታለሁ፤ ማተሚያው ከውስጥ አለ፣ ከሱቁ ስጦታ ትሁን። እናቶች ከልጆቻቸው ጋር ፎቶ የላቸውም፤ ሁልጊዜ ሌላውን ሲያነሱ ነው የሚኖሩት» አለኝ። ዕንባዬ መጣ። «እግዜር ይስጥህ» ልለው ስል በሩ ተከፈተ።

«እማዬ!» አሉና ልጆቹ ሁለቱም በረሩ። የወንድሜ ሚስት ነጭ ጋውኗን በክንዷ እንደያዘች ገባች፤ ጥይት ወገቧን፣ ፌንጣ ጉልበቷን አቀፉ። ሻጩ መነጽሩን ከግንባሩ አወረደ። እሷን አየ፣ እኔን አየ። «እናታቸው...» አለ። «እኔ ነኝ» አለች እየሳቀች፤ «እሷ አክስታቸው ናት። አስቸገሩህ?» «ኧረ በፍጹም» አለ። እኔ ዞሬ የስልክ ሽፋን አገላብጣለሁ። ሐምራዊ አለ፣ አረንጓዴ አለ፣ የእኔ ስልክ ቁልፍ ያለው አሮጌ ነው፣ ሽፋን የሚባል ነገር አያውቅም። ፊቴ ጋለ። ያ ሰው ምን አለኝ ይሆን? የሰው ልጅ የምትሰርቅ ቀላማጅ ሴት ሳይለኝ አይቀርም።

የወንድሜ ሚስት ትንሿን ወደደቻት። በመዳፏ ያዘቻት፣ ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ዘጋችው፣ ከፈተችው። ቀላል ናት፣ ታምራለች፣ ዋጋዋም ያስተኛል። ሻጩ ስለ ጥቁሩ ሊያስረዳት ጀመረ፤ እሷ ግን ከድካሟ የተነሳ ግማሹን አልሰማችውም። ወደ እኔ ዞረችና «እቴቴ፣ ልጆቹን ከማንም በላይ የምታውቂያቸው አንቺ ነሽ። የቱ ይሻላል?» አለችኝ። እንግዲህ ፍረዱ። «ትንሿ» ብል የሚያመነኝ እንጂ የሚጠይቀኝ የለም። ትንሿ ከተገዛች በሁለት ሳምንት ውስጥ ስልክ ይመጣል፤ «እቴቴ፣ እባክሽ ብቅ በይ፣ ልጆቹ አልቆም አሉን፣ ያዢልን።» እጄ ይፈለጋል። ቢያንስ እጄ ከእነሱ ጋር ይኖራል። ጥቁሩ ከተገዛ ግን ለዚህች እንኳ አላስፈልግም። ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር፣ እውነቴን ነው። ነገር ግን ያ ፎቶ ዓይኔ ውስጥ ነበር፤ እግሩ ከመሬት የተነሳው ልጅና ሳሎን ውስጥ ሊያለቅስ ጥቂት ቀርቶት የቆመው ልጅ አንድ ልጅ ናቸው። አራት ዓመት ሙሉ ይዤው ኖሬ፣ ሳልይዘው ምን እንደሚመስል ያየሁት ገና ዛሬ ነው። «ትልቁ ይሻላል» አልኳት። «ቢወደድም እሱን ግዢ። በትንሿ ልጆቹ ተይዘው ነው የሚያድጉት።» «አንቺ ካልሽ አለቀ» አለችና ካርዷን አወጣች።

ሻጩ አዲሱን ከነካርቶኑ አመጣ። የመሞከሪያውን ካሜራ ግን በእጁ እንደያዘ ነው። «እዚህ ውስጥ የዛሬ ሙከራዎች አሉ፤ ምን ላድርጋቸው?» አለ። ጥያቄው ለእሷ ነበር፣ ዓይኑ ግን በመነጽሩ በላይ እኔን ያያል። ጠበቀኝ። ከእኔ የሚፈለገው አንዲት ቃል ናት፤ «ያቺን አትምልኝ።» ይሄን ካልኩ ግን የወንድሜ ሚስት «የቷን?» ትላለች፣ ታያለች፣ ሰውዬውም «እናታቸው መስለውኝ ነው እኮ» ይላል፣ እሷም «እቴቴ፣ አይደለሁም አላልሽውም እንዴ?» ትላለች። ይሄ ሁሉ በአንድ አፍታ ታየኝ። «የሙከራ አይደል? አጥፋው» አለች እሷ፣ የባትሪውን ልባስ በጥርሷ እየቀደደች። ሻጩ አንዴ ተጫነ። ለማጥፋትም ፈጣን ነው ለካ። ሻጩን ከፋው መሰለኝ፤ ስንወጣ በሩን ራሱ ከፈተልኝና «ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለኝ። ይቅርታ መጠየቅ የነበረብኝ እኔ፣ እሱ ጠየቀኝ።

ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል ግቢ ወጣን። ግቢው ለአራት ተከራይ የጋራ ነው፤ አንድ የውሃ ታንከር፣ አንድ የልብስ ገመድ፣ የተቀረው ለሩጫ ይበቃል። እሷ መሃል ላይ ቆማ ልጆቹን ማንሳት ጀመረች። እኔ ገመዱ ጋ ነኝ፤ ለነገ የምይዘውን ልብሴን እያወረድኩ አጥፋለሁ። ያ የልብስ ስፌት መኪና ድምፅ አልቆመም። ማንም «ያዢልን» አላለኝም። ወንድሜም ጫማው አቧራ እንደለበሰ መጣና ጎን ለጎን ሆነው ፎቶዎቹን ማየት ጀመሩ። «እየው ጥራቱን! እየው ዓይኖቿን!» ትላለች። ከዚያ ድምጿ ቀነሰ። «ግን ለምንድነው ሁሉም ላይ ወደ ግራ የሚያዩት?» አለች። አለፈች፤ ወደ ግራ። አለፈች፤ አሁንም ወደ ግራ። ጥይት እየሮጠ ወደ ግራ፣ ፌንጣ እየወደቀች ወደ ግራ። «ሌንሱ ተጣሞ ይሆን እንዴ? ሰኞ እመልሰዋለሁ!» አለች። እኔም ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር፤ ያን ያህል ገንዘብ የወጣበት ካሜራ ጠማማ ሊባል ነው። ወንድሜ ቀና ብሎ ወደ ገመዱ አየ። ሸሚዜ በእጄ ነው። «ሌንሱ አይደለም» አለ። «እቴቴን ነው የሚያዩት።»

የወንድሜ ሚስት አየችኝ፤ ጠዋት ያለችው ትዝ ብሏት ይሁን ሌላ ነገር እንጃ፣ ከንፈሯን ነከሰች። ያኔ ነው ልቤ የዘለለው። «እቴቴ...» ስትል፣ አሁን ልትጠራኝ ነው፣ «ነይ ግቢ አብረሽ» ልትለኝ ነው አልኩ። ሸሚዙን ገመዱ ላይ መልሼ ጣልኩ። እጄን በቀሚሴ ጠረግሁ። ሻሼን ወደ ፊት ሳብኩ፣ የወለቀችውን ጥርሴንም «ትታይ፣ ግድ የለም» አልኩ። «እቴቴ፣ ካላስቸገርኩሽ» አለች፣ «ከኋላዬ ቁሚልኝ። ከዚያ ሆነሽ ጥሪያቸው፣ ወደ ካሜራው እንዲያዩ።»

ወንድሜ ቀና አለ። አሁንም ይናገራል ብዬ ዓይን ዓይኑን አየሁት። ጎንበስ አለና የጫማውን ማሰሪያ ፈታ። «እሺ» አልኩ። ሄጄ ከኋላዋ ቆምኩ። ከእኔ አጠር ስለምትል በትከሻዋ በላይ ይታየኛል። ልጆቹ ታንከሩ ጋ ናቸው። ሁለት እጄን በእሷ ራስ በላይ ዘረጋሁ፣ ልክ ኮሪደሩ ላይ እንደዘረጋሁት፤ «ጥይት! ፌንጣ!» አልኩ። ድምፄ ተሰበረ፣ ግን ሰሙኝ። ተስፈንጥረው መጡ፤ ጥይት እግሩ ከመሬት ተነስቶ፣ ፌንጣ አፏን ከፍታ፣ ዓይናቸው እኔ ላይ። ካሜራው ተንደቀደቀ።

ወዲያው አየቻቸው። ቁልጭ ብለዋል፤ እጅ የለ፣ ጣት የለ፣ ሁሉም ፊት ለፊት ያያሉ። ይሄ ነው እንግዲህ በትልቁ ታትሞ ሳሎን የሚሰቀለው። የወንድሜ ሚስት ደስታዋ ገንፍሎ ክንዴን ያዘችኝ። «አየሽ እቴቴ! አየሽ! አሁን ወደ እኔ አዩ!»

«አዎ» አልኳት። «ወደ አንቺ ነው ያዩት።»